የካርዱ ጀርባ

ሪያድ፣ ዐርብ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አጎቴ። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፣ ክር በመርፌ የሚያስገባውን ዓይንዎን አያድክምብኝ። የቀረችውን የረመዳን ቀን አስፈጥሮ ለዒዱ በሰላም ያድርስዎ።

ያው እመቤቴ ስልኬን የምትሰጠኝ ዐርብ ዐርብ ነው፣ እሱም ለአንድ ሰዓት። ባለፈው ዐርብ ወንድሜ ሙከሚል ከጋምቤላ «ትንሽ አሞኛል» ብሎ የጻፈልኝን አግኝቼ ነበር። ዛሬ ስልኬን ስከፍት ቅዳሜ ዕለት የላከው የሆስፒታል ካርድ ፎቶ አገኘሁ። ከስሩ «እህቴ፣ ከሞት አፋፍ ተመለስኩ፣ ዛሬ ወጣሁ» ይላል። አሁን ደጋግሜ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ምን ሆኖ ነው ሆስፒታል የገባው? ቤት ደርሷል ወይ? ለምን አልነገራችሁኝም?

ለዒድ ትንሽ ነገር በጎረቤታችን በፀዲ ስም ልኬያለሁ፣ ለራስዎ ጫማ ይግዙበት። እርስዎ የሰፉልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶም ልኬያለሁ፣ ልኩን ይዩልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ጽሑፌ አጭር ከሆነብዎት በአንድ እጄ ስለምጽፍ ነው፤ በሌላው የዚህን ቤት አሮጊት ሻይ ይዣለሁ።

ልጅዎ ዘሀራ

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ረቡዕ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወዐለይኪ ሰላም፣ የእህቴ ልጅ ዘሀራ። አላህ በሰው አገር ክብርሽን ይጠብቅ፣ ከምትሠሪበት ቤት ክፉ ያርቅልሽ። ዒዱ ደርሶ በሰላም አለፈ። አንቺ ስለሌለሽ ድምፅ አልነበረውም፣ እንጂ ሥጋውስ ተትረፍርፎ ነበር።

ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። በስልክ «እ? እ?» እያልኩ ሰዓትሽን ከምፈጅብሽ ብዕር ይሻለኛል። ፀዲ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፣ ያንቺንም ታነብልኛለች። እሷ ባትኖር ኖሮ እኔና አንቺ እስካሁን ተረሳስተን ነበር።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። የሰፋሁትን የተማሪ ዩኒፎርም ይዞ ጋምቤላ ወርዶ እንደነበር ታውቂያለሽ። እዚያ ወባ ያዘው። እንደ ሌላው ጊዜ መስሎት ክኒን እየዋጠ ሲሸጥ ውሎ ራሱን ሳተ፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት። የሱቅ ጎረቤቶቹ ተሸክመው ሆስፒታል አስገቡት። በደም ሥሩ አርቴሱኔት የሚባል መርፌ ሰጡት፣ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ «ዩኒፎርሙስ?» አለ። የእኔው ልጅ መሆኑን በዚህ አወቅሁ። ከወባው ነጻ ነህ ብለው ቅዳሜ አስወጡት፣ መንገድ ላይ ስልኩን ሰረቁት፣ ማክሰኞ ማለዳ ቤቱ ገባ። ያልነገርንሽ ዐርብን እየጠበቅሽ ስትጨነቂ እንዳትውይ ብለን ነው።

ታሞ ሳለ ዘጠኝ ቀን ጾም አልፎታል። ቀዷውን ከዒድ ማግስት ጀምሮ እየጾመ እያወጣ ነው። ጎበዝ ነው፣ ራሱ ነው የጀመረው። ትንሽ ይደክመዋል፣ ፊቱም ገርጣ ብሏል፣ ይህ እንግዲህ የጾም ነው። በቪዲዮ አናግራት ብለው «ከስቻለሁ፣ ትደነግጣለች፣ ትንሽ ልወፍር» አለ።

ያንቺን ፎቶ አየሁት። ቀሚሱ አምሮብሻል። የእጅጌው ነገር ግን አልገባኝም፣ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን። ጫማው አያስፈልገኝም ነበር፣ ገዝቼዋለሁ።

አጎትሽ አብዱልመናን

ዘሀራዬ፣ ፀዲ ነኝ። ይህን ከደብዳቤው ስር የምጨምረው ጋሼ ሳያውቁ ነው። ሙከሚል ለባለቤቴ ለቤካ «ሽንቴ ኮካ መስሏል» ሲለው ሰምቻለሁ። ጋሼ ውሃ ስለማይጠጣ ነው ይላሉ። ዓይኑም ቢጫ ብሏል። እኔ ስለ ጾማችሁ ምን አውቄ እናገራለሁ ብዬ ዝም አልኩ፣ ሆዴ ግን እምቢ አለኝ። ነገ ለለቅሶ ወደ አምቦ ገጠር እሄዳለሁ።

ሪያድ፣ ዐርብ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታዬን በኋላ ይቀበሉኛል።

ደብዳቤዎን አሁን አነበብኩ። የካርዱን ፎቶ አውጥቼ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ስልኬ ላይ አስተረጎምኩት። እንዲህ ይላል፦ «ለአራት ሳምንት በየሳምንቱ የደም መጠኑ ይለካ። ከዚህ መድኃኒት በኋላ ደም ማነስ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሽንቱ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ከደከመው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂድ።»

ሽንቱ ጠቁሯል። ዓይኑ ቢጫ ነው። ደክሞታል። አጎቴ፣ ሦስቱም አለበት።

ጾሙን ዛሬውኑ ያፍርስ። እርስዎ ካዘዙት እምቢ አይልም። ዛሬ ይውሰዱት፣ ነገ አይበሉ። የወባ ምርመራ ብቻ አድርገው እንዳይመልሷችሁ፣ ደሙ ስንት እንደሆነ ይለካ። ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

ለፀዲ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይገባም። የእርስዎም ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም፤ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ሰዓቴ ሊያልቅ ነው። እባክዎ ደህና ነው ብለው አይጻፉልኝ። ሰው ሁሉ ደህና ነው። ቁጥር ይጻፉልኝ።

ዘሀራ

ልደታ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምሽ በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ እንዳትወድቂብኝ ነው። ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ዘሀራ።

ደብዳቤሽ ዐርብ ፀዲ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ፀዲ ግን ለቅሶ ቤት ነበረች፣ ኔትወርክ የሌለበት ገጠር። እኔ ምንም አላየሁም። ቅዳሜ ዕለት ልጁ ደረጃ ሲወጣ ማለክለኩ አሳስቦኝ ሜክሲኮ አካባቢ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት። ወባ ነበረብኝ አላቸው፣ ወባ መረመሩት፣ የለብህም አሉት። ካርዱንም አላሳየናቸው፣ እነሱም አልጠየቁን። ደስ ብሎን በእግራችን ተመለስን። ከባቡሩ ድልድይ ስር ሁለት ጊዜ ተቀመጠ። ወባ የለበትም ተብሏል፣ ምን አስፈራኝ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጾሙን እንኳ አላስፈረስኩትም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዩኒፎርም እየቆጠረ ሳለ የጨርቁን ጥቅል ተደግፎ ቆመ። «ምነው?» አልኩት። «ቁጥሩ ጠፋብኝ» አለኝና ወደቀ። ፀዲ ያኔውኑ ከአምቦ ገብታ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ደብዳቤሽን ይዛ እየሮጠች መጣች። ቤካ ላዳ ጠራ፣ ተሸክመን ትልቁ ሆስፒታል አደረስነው።

ድንገተኛ ክፍል ያለችው ሐኪም ልጅ እግር ናት። ፀዲ ያንቺን ደብዳቤ አነበበችላት። ዶክተሯ «ካርዱስ የት አለ?» አለች። ሙከሚል በደከመ እጁ የሸሚዙን የደረት ኪስ ነካ። አወጣሁት። ፊቱ ላይ ያልሽው ሁሉ ተጽፏል። ጀርባው ላይ በብዕር ሰባት ጭረት አለ። ዶክተሯ የመድኃኒት ሰዓት መስሏት ጠየቀችኝ። ያወጣውን ቀዷ የቆጠረበት ነው አልኳት። ሰባት ቀን ሙሉ በየማፍጠሪያው ካርዱን እያወጣ ጭሮበታል፣ አንድ ቀን አላገላበጠውም። እኔም ሲጭር ከጎኑ ነበርኩ፣ ወረቀቱ የምንድን ነው አላልኩም።

ቁጥር ብለሻል። የሰኞው አራት ነጥብ ዘጠኝ ነበር። የወንድ ሰው ከአሥራ ሦስት ማነስ የለበትም አሉኝ። ከደም ባንክ ሁለት ከረጢት መጣለት፣ ትናንት ሲለካ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ።

ነገሩን ዶክተሯ እንዲህ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ወባውን ከደሙ ውስጥ ገደለው፣ ባይሰጠው ኖሮ እዚያው ጋምቤላ ይሞት ነበር። ወባ ገብቶባቸው የነበሩት የደም ሴሎች ግን ለጊዜው ተርፈው፣ ዕድሜያቸው አጥሮ፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ባንድ ላይ ያልቃሉ። ለእኔ በሚገባኝ፣ የተተረተረ ስፌት ነው፤ ክሩ ይወጣል፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ሲታጠብ ይቀደዳል። ጾሙ አመጣበት ወይ አልኳት። «ጾሙ አላመጣበትም፣ ሕመሙን ሸፈነባችሁ እንጂ» አለችኝ።

ምትክ ደም እንድንሰጥ ተጠይቀን ቤካና ፀዲ ሰጡ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ዕድሜ ሲሉኝ ስልሳ ስምንት አልኩ፣ አባባ ይነሱ አሉኝ። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን የቆጨኝ የለም።

አብዱልመናን

ሪያድ፣ ዐርብ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ያሽረው፣ ለእርስዎም ብርታት ይስጥዎ። ፀዲና ቤካን አላህ ይክፈላቸው፣ እኔ የምከፍልበት የለኝም።

ሳምንቱን ሙሉ ወለል ስወለውል ቁጥር ስገምት ነበር። አሥር ይሆናል፣ ዘጠኝ ይሆናል እያልኩ። አራት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ብር ቢሆን ኖሮ ከመሬት ቆፍሬም እልክ ነበር። ደም ግን በምን ይላካል? የእኔና የእሱ ደም አንድ ዓይነት ነው፣ ለዚህ ጉዞ ስመረመር አብሮኝ ተመርምሮ አብረን አይተነዋል። እዚህ ተሸክሜው እዞራለሁ።

አሁን የምጽፈው ካስከፋዎት ይቅር ይበሉኝ፣ ካልጻፍኩት ግን ያንቀኛል። «ራሱ ነው የጀመረው» ብለውኝ ነበር። ወንድሜን አውቀዋለሁ። ሙከሚል ቀዷውን የሚያወጣው ቀጣዩ ረመዳን በር ሲያንኳኳ ነው፣ እናታችን በሕይወት ሳለች በዚህ ስትጨቃጨቀው ነው የኖረችው። ዘንድሮ ከዒድ ማግስት ማን አስቸኮለው?

ዘሀራ

ልደታ፣ ረቡዕ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ቁጥሩ ወርዷል። ትናንት አምስት ነጥብ ሰባት ሆነ። የሰጡትም ደም እያለቀ ነው መሰለኝ ብዬ ጠየቅሁ፣ የራሱ ገና እየረገፈ ነው፣ እስኪያበቃ መጠበቅ ነው አሉኝ። ሌላ ሁለት ከረጢት ታዟል። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ የከረጢቱን ጠብታ ስቆጥር እውላለሁ። እኔ ፈርቻለሁ ብዬ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ ፈርቻለሁ።

የጠየቅሽኝን የሰፈራችን ኢማም ሼህ አብዱልጀባርም ሊጠይቁት መጥተው በዚያው ቃል ጠየቁኝ። «በሽተኛ ዑዝር አለው፣ አይገደድም፣ ዓመት ሙሉ ጊዜ አለው። ማን አስቸኮለው?» አሉ። ለእሳቸው ዝም ማለት ቻልኩ፣ ላንቺ ግን አልቻልኩም።

እኔ ነኝ። በዒዱ ዕለት ከሰው ፊት «ዘጠኝ ቀን በልተህ፣ ዕዳ አንጠልጥለህ ልትዞር ነው?» አልኩት። ስቄ ነው ያልኩት፣ ሰዎቹም ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፣ በማግስቱ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን «አጎቴ፣ ትንሽ ላቋርጥ?» አለኝ። «እንደ ሴት አትልፈስፈስ» አልኩት። ይህንንም ስጽፍልሽ እያፈርኩ ነው፤ የቤታችን ጠንካራ ሰው ሪያድ ወለል የምትወለውለው መሆኗን እያወቅሁ።

ራሱ ነው የጀመረው ብዬ የጻፍኩልሽ በዚያው ቀን ነው፣ ላቋርጥ ባለኝ ቀን። ፈልገሽ እይው፣ ቀኑ አለበት።

አብዱልመናን

ሪያድ፣ ዐርብ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው አለቀስኩ፣ በሦስተኛው የእኔ ነገር ታወሰኝ። የካርዱ ፎቶ በእጄ ነበር። በመጀመሪያው ዐርብ ስከፍተው ስሙንና ማኅተሙን አየሁ፣ እፎይ ብዬ ዘጋሁት። እንግሊዝኛውን ያኔ ባስተረጉመው ኖሮ አንድም ቀን ሳይጾም ሐኪም ፊት ይቀርብ ነበር። እርስዎ ጀርባውን ሲያዩ እኔ ፊቱን አይቼ አላነበብኩትም። እንግዲህ ማን ማንን ይወቅሳል?

ለእርሱ ይህን ንገሩልኝ፦ እህትህ ከአሁን በኋላ ዩኒፎርም ተሸክመህ ጋምቤላ እንድትወርድ አትፈልግም በሉት። ይስቅ እንደሆነም ጻፉልኝ። የሚስቅ ከሆነ እተኛለሁ።

እኔ ደህና ነኝ።

ዘሀራ

ሪያድ፣ ዐርብ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ዛሬ ስልኬን ስከፍት ከእናንተ ምንም የለም። ሰዓቴን በሙሉ ስልኩ ላይ ሳፈጥ ቆየሁ። ፀዲም አታነሳም። ክፉ ነገር ካለ ይጻፉልኝ፤ ዝም ከምትሉኝ እሱ ይሻለኛል። ሳምንት ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደምሰነብት አላውቅም።

ልደታ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኪ፣ ልጄ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያን ዐርብ ደግሞ ከዕድሜሽ አይቁጠርብሽ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ። ዛሬ ጠዋት አሥር ነጥብ አራት። ባለፈው ሳምንት ስምንት ነጥብ ስምንት ነበር፣ ያኔ ነው ከሆስፒታል ያስወጡት። ካለፈው ከረጢት ወዲህ የሰው ደም አልተሰጠውም፣ ይህ የራሱ ነው። ሽንቱ ጠርቷል፣ ዓይኑ ነጭ ነው፣ ደረጃውን ሳያርፍ ወጥቷል። ፊትም ደህና ነው ብዬሽ ስለነበር አትመኚኝ ይሆናል፣ የላቦራቶሪው ወረቀት ከደብዳቤው ጋር ፎቶ ተነስቶልሻል።

ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ጽፌ ነበር። ፀዲ አንስታ ላከችው፣ ስልኳ ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ሳይሄድ ቀርቷል። እሷ ሄዷል ብላ ለፋሲካው እንግዳ ስትቀበል ሰነበተች። ስታውቅ ማልቀስ ብቻ ነው የቀራት፣ አትቆጫት።

የጋምቤላውን ነገር ነግሬዋለሁ። ሳቀ። «እሷ ስትመለስ እኔ እቀራለሁ በሏት» አለ። ቀዷውን ደግሞ ሼህ አብዱልጀባር ራሳቸው መጥተው፣ ሐኪሟ ሳትፈቅድልህ አንድ ቀን እንዳትነካ ብለውታል። ሁለት ይቀረዋል። ካርዱ ግን አሁንም ከደረት ኪሱ አልወጣም። ፊቱ ላይ፣ ከዶክተሩ ጽሑፍ ስር፣ የየሳምንቱን ቁጥር እኔ በእጄ እጽፍበታለሁ። የምረሳ አይምሰልሽ፣ ልብስ ልክ ከመጻፍ ምን ይለያል?

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አርባ ስምንት ዓመት እጅጌ ሰፍቻለሁ። ያ ሰማያዊ ቀሚስ እጅጌው የእጅ አንጓሽ ላይ ያበቃል፣ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ራሴ ነው የለካሁት። በፎቶው ላይ የግራው ልኩ ላይ ነው። የቀኙን ስበሽ ጣቶችሽን ሸፍነሽበታል። ዓይኔን መጠራጠር ትቼ ደብዳቤዎችሽን ፀዲ መልሳ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ድሮ ገጽ ሞልተሽ የምትጽፊ ልጅ አሥር መስመር ጽፈሽ ትጨርሻለሽ፣ ሻይ ይዣለሁ ትይኛለሽ።

ለእኔ ቁጥር ይጻፉልኝ፣ ደህና ነው አይበሉኝ ብለሽ ነበር፣ እኔም ጻፍኩ፣ ኃጢአቴን ሳይቀር ጻፍኩ። እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው። ያ እጅሽ ምን ሆኖ ነው?

አጎትሽ አብዱልመናን

ሪያድ፣ ዐርብ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አልሐምዱሊላህ። አሥር ነጥብ አራትን ለአሮጊቷ ሳይቀር ነገርኳት፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት መረቀችኝ።

የፈላ ዘይት ነው። ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን። ቀኝ እጄ፣ ሁለት ጣት አይታጠፍም። ሐኪም አላየውም።

ፎቶው ከስር አለ፣ እጅጌውን ሰብስቤዋለሁ።

ዘሀራ